ለታንቪር፣ ስለ ቤቱ ወጪ

ታንቪር፣ ከሻርጃ ደውለህ ጠይቀኸኝ ነበር፣
«ቤቱ በወር ስንት ይበላል?» ብለህ፣ በአጭር።
አጭር መልስ የለውም የሙልታን ሰኔ፤
በሠርግ መጥሪያ ጀርባ ደመርኩልህ እኔ፤
ሦስት ጊዜ ደመርኩ፣ ሦስቱም ተለያየ፤
ወረቀቱ በላብ ራሰ፣ ቁጥሩም አልታየ።

አሥራ አንድ ክፍል ነው። አባባ ሲያሠራ
ልጁን ነው የቆጠረ፣ መች ቆጣሪ ፈራ?
ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ለነፋስ የታሰበ፤
ነፋሱ ግን ቀረ፣ ሰፈሩ በፎቅ ተከበበ።

እንግዲህ ተከተለኝ። ማቀዝቀዣ ሦስት ነው።
አንዱ የእማማ፣ እንደ ሽማግሌ የሚያስለው፣
ባበራንላት ቁጥር ተነስታ የምታጠፋው፤
አንዱ የራፋቀት፣ አዲስ፣ ዝምተኛ፣ በብድር የገባው፤
ሦስተኛው የእኔ፤ ሌሊቱን ያንጠባጥባል፣
ጠዋት ባልዲው ሞልቶ ባሲሉን ያጠጣል።

ዋጋው ደረጃ ነው፤ መቶ በሞላ ቁጥር አንድ እርከን ይወጣል።
ላይ የተገኘ ሰው ከሥር ጀምሮ ይቀጣል።
አንዲት ዩኒት ብቻ፣ የአንድ ካውያ ትንፋሽ፣
የወሩን ቁጠባ በጉያዋ ይዛ የምትሸሽ!

ፓምፑን አትርሳ። ውሃው በየዓመቱ ወደ ታች ይርቃል፤
አምና ሃያ ደቂቃ ነበር፣ ዘንድሮ አርባ ይጮኻል።
ባትሪውንም ጻፍ። መብራት ሲሄድ ሁለት ፋን ያዞራል፤
የጠፋ መብራት ርካሽ እንዳይመስልህ፣ ጨለማም ያስከፍላል።

«ሁለት ቆጣሪ እናስገባ» አለ ራፋቀት፣ «ሁለት ቤት እንሁን፤
አንድ ሀብታም ሆነን ከምንቀጣ፣ ሁለት ድሃ ሆነን እንዳን።»
የመብራቱ ሰው መጣ። ኩሽና ሁለት፣ በር ሁለት ጠየቀ፤
ግቢውን በኖራ መሥመር ለሁለት ሰነጠቀ።
እማማ አየችው። አንድም ቃል ሳትናገር
የጠፍር አልጋዋን አምጥታ ዘረጋች፣ ልክ በኖራው መሥመር።
ቀን ቀን እዚያው ናት፤ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ስትጸልይ፣ ስትቆጣ።
ግንበኛው ሁለቴ መጥቶ ተመለሰ፤ ለሦስተኛው አልመጣ።

አሁን በስልክ ያልነገርኩህን ልንገርህ።

በዚያ በሃምሳ ዲግሪ ሳምንት፣ ቮልቴጁ ወድቆ፣
የራፋቀት ብቻ ሠራ፤ የእኛ ቀረ ታንቆ።
ዘጠኝ ሰው ገባን፣ ፍራሽ በፍራሽ ላይ፤
እማማ ከመሐል፣ ልጆቹ እንደ ሐብሐብ ክምር ግራና ቀኝ ስታይ
ትስቅ ነበር። ውጭ አሥር ባዶ ክፍል፣
በሩ ተከፍቶ፣ ሙቀት ብቻውን ሲንጎራደድ ይውል፣ ያድር።
ሸጉፍታን ታውቃታለህ። ከጥር ጀምሮ፣
በፍሪጅ በር ሰበብ፣ ተኳርፈን፣ ሰላምታችን ቀርቶ፣
እሷ በምሥራቁ ደረጃ፣ እኔ በምዕራቡ።
ያን ሌሊት ጎኔ ደረሳት። ሁሉም ሲያንኮራፉ፣
በጨለማው ውስጥ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«በረደሽ እንዴ?» አለችኝ።
በሙልታን! በሰኔ!
ሳቄን በትራስ አፍኜ ነጋ።

ቢሉ ሲመጣ በሲሶ ቀንሶ አገኘነው።
ራፋቀት መነጽሩን ወልውሎ ሁለቴ አነበበው፤
ቆጣሪው ተበላሽቷል ብሎ አመልካች ሊሆን ነበር፣ እማማ ከለከለችው።

እንግዲህ እንዲህ ጻፍ፤ ከሠላሳ ሺህ እስከ ሰባ።
ተኳርፈን በየክፍላችን ስናድር ሰባ፣
ታርቀን ስንተኛ ሠላሳ።
በመካከሉ ያለው ሰፊ ሜዳ እኛ ነን፤
እሱን የሚለካ ቆጣሪ አላገኘሁም፣ ይቅር በለን።

አራት ሆናችሁ ትመጣላችሁ። ከመጣችሁ
አራት ፍራሽ ይበቃል፤ ማቀዝቀዣ አትግዙ።
የኖራው መሥመር በጫማ ተሽሯል፣ አትፈልገው።
የፍሪጁን በር ግን፣
አደራህን፣
ከአውሮፕላን ሳይወርዱ ለልጆችህ ንገራቸው።